ለእናቴ የገዛሁት ዕቃ መንገድ ላይ ጠፋ፤ የማንን ደጅ ልጥና?

ከሊድስ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ያደግኩት ሀዋሳ ነው። እናቴ አሁንም እዚያው ታቦር ክፍለ ከተማ ናት። ግፊት ስላለባት በኢንተርኔት የግፊት መለኪያ ገዛሁላት። 64 ፓውንድ። ሻጩ ወደ ኢትዮጵያ አይልክም። ስለዚህ ለንደን ያለ አንድ ካርጎ ቤት አድራሻ ሰጠሁት። ካርጎው ተቀብሎ ፈርሟል። ከዚያ በኋላ ዕቃው የለም። 3 ወር ሆነ። ሻጩ «አድርሻለሁ» ይላል። ካርጎው «አዲስ አበባ ደርሶ ነው የጠፋው» ይላል። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ደግሞ «ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ አለ።

ሰሞኑን ደግሞ ለልጄ ያዘዝኩት ጫማ ከደጃፌ ተወሰደ። አድራሹ የበሬን ፎቶ አንስቶ «ደርሷል» ብሎ መዝግቧል። ሁለቱም ከሰሩኝ። ማንን ልያዝ?

መልስ፣ ከሀዋሳ፦

አይዞሽ እህቴ። እኔ ለንደን 11 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ውስጥ 4ቱን ዓመት የኢንተርኔት ሱቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳሽግ ነበር። «አልደረሰኝም» የሚል ደንበኛ ያልመጣበት ቀን አላስታውስም። ሁለቱ ዕቃዎችሽ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ በሕግ ፊት ለየቅል ናቸው።

የጫማው ዕዳ የሻጩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሸማቾች መብት ሕግ አለ። ዕቃው አንቺ እጅ፣ ወይም አንቺ «ይቀበልልኝ» ያልሽው ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ቢጠፋ የሚጠየቀው ሻጩ ነው ይላል። የበር ፎቶ እጅሽ መግባቱን አያሳይም። ሻጩ «አድራሹን ድርጅት አነጋግሪ» ቢልሽ እሺ አትበይ። አድራሹን የቀጠረው እሱ ነው፤ ውሉም ከእሱ ጋር ነው። ግን አንድ ነገር አስታውሺ። ስታዝዢ «በሩ ላይ ተዉልኝ» ወይም «ለጎረቤት ስጡልኝ» የሚለውን መርጠሻል? መርጠሽ ከነበረና እዚያው ካደረሱት ነገሩ ወደ አንቺ ይዞራል። ካልመረጥሽ ለሻጩ በጽሑፍ ላኪለት። መቼ እንዳዘዝሽ፣ እንዳልደረሰሽ፣ ሌላ ወይም ገንዘብሽን እንደምትፈልጊ። ሦስት መስመር ይበቃል። እምቢ ካለ ወደ ባንክሽ ሂጂ። በካርድ የከፈልሽውን ባንኩ ከሻጩ ባንክ መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ ቻርጅባክ ይባላል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ስለሆነ አታዘግዪው።

የእናትሽ ዕቃ ግን ያሳዝነኛል። እኛ ሀበሾች በብዛት የምንጎዳው እዚህ ጋ ነው። ካርጎውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። እሱ ሲፈርም በሕግ አንቺ እንደፈረምሽ ነው የሚቆጠረው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሻጩ የለበትም። እሱን ስትጨቀጭቂ ጊዜሽ ያልቃል።

ስለዚህ ካርጎውን ያዢ። ገንዘብ ከፍለሽ የተዋዋልሽው ከእሱ ጋር ነው። የደረሰኙ ጀርባ አያስፈራሽ። ያው የ2015 ሕግ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሥራውን በተገቢው ጥንቃቄ እንዲሠራ ያስገድዳል። ይህን ግዴታ በአንድ መስመር ጽሑፍ ጨርሶ መሰረዝ አይችልም። «አዲስ አበባ ነው የጠፋው» ማለትም መልስ አይደለም። አዲስ አበባ የት? ማን እጅ ላይ? በየትኛው ቀን በረራ ሄደ? የአየር ጭነት ሰነዱ ቁጥር ስንት ነው? ይህን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቂው። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ለማስረዳት ይቸግራል።

ደስ የማይል ነገርም ልንገርሽ። ጭነት በአየር መንገድ እጅ ሳለ ከጠፋ ካሳው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ደግሞ የሚሰላው በኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ነው ይህን የወሰነው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ነው። የግፊት መለኪያ ኪሎ እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። ከጣሪያው በላይ ለማግኘት ዕቃው ሲላክ ዋጋውን አስመዝግቦ ጭማሪ መክፈል ያስፈልጋል። ቀላልና ውድ ዕቃ ስትልኪ ይህን ሳታደርጊ እንዳትልኪ።

በፖስታ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ባለቤቴ እዚህ ሀዋሳ የሀገር ልብስ ትሸጣለች። ዓምና ብሪስቶል ላለች ደንበኛ ሁለት ነጠላ ልካ ጠፋባት። ልጅቷ እዚያ ፖስታ ቤት ስትመላለስ ከረመች። ለካ አቤቱታው መነሳት ያለበት ከላኪው በኩል ነው፣ ዕቃው ከተላከበት ፖስታ ቤት። የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ 6 ወር ነው። ካሳ ከተገኘም የሚከፈለው ለላኪው ነው። ስለዚህ ላኪው ደረሰኙን ከጣለው ሁሉም ነገር አለቀ። አሁን ባለቤቴ ደረሰኙን እዚያው ፖስታ ቤት ቆማ ፎቶ አንስታ ለገዢዋ በቴሌግራም ትልካለች። 13 ምልክት ያለው መከታተያ ቁጥር እሱ ላይ አለ፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ከየት ሀገር እንደተላከ ያሳያሉ።

ለዚያች ልጅ ሙሉ ገንዘቧን መለሰችላት፣ ካሳውን ሳትጠብቅ። አንዳንድ ሻጮች «ፖስታ ቤት አስረክቤያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዕቃ የማስረከብ ግዴታ ያለበት ሰው በውሉ መሠረት እስኪያስረክብ ድረስ ዕቃው ቢጠፋ ጉዳቱ የእሱ ነው ይላል። ጭቅጭቁ የሚነሳው «ማስረከብ» የቱ ጋ ነው በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ገዢው እጅ እስኪገባ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው» ብላችሁ ጻፉና «እሺ» የሚል መልስ ያዙ። ጨዋ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

አድራሻ ላይም ጠንቀቅ በሉ። እዚህ ፖስታ በአብዛኛው በር ድረስ አይመጣም፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋል። እናትሽ ከሌላቸው ሣጥን ያለው ዘመድ ወይም መሥሪያ ቤት ፈልጊ፣ ስልካቸውም በጉልህ ይጻፍ። «ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ» ብሎ የተላከ ጥቅል ተመልሶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከፍራንክፈርት፦

ጀርመን ላለን ከሱቅ የተገዛ ከሆነ ሕጉ ያው ነው፣ ሻጩ ይጠየቃል። ከግለሰብ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ግን ተቃራኒ ነው። ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ ሻጩ ለፖስታ ካስረከበ ከዚያ በኋላ ቢጠፋ ጉዳቱ የገዢው ነው። እኔ የልጅ ጋሪ እንዲህ ቀርቶብኛል። ሻጩ ማስረከቡን የሚያሳይ ደረሰኝ ላከልኝና በዚያው አለቀ። አሁን ከግለሰብ ስገዛ ኢንሹራንስ ባለው ጥቅል እንዲልኩልኝ ጭማሪውን ራሴ እከፍላለሁ።

ከሊድስ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ትዕዛዜን መልሼ አየሁት፤ «በሩ ላይ ተዉልኝ» የሚለውን አልመረጥኩም። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ ዛሬ ጠዋት ሌላ ጫማ እንደሚልክ መለሰልኝ። ለካርጎውም ጥያቄዎችህን አንድ በአንድ ልኬያለሁ። እስካሁን ዝም ብሏል። 14 ቀን ሰጥቼዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ እናቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ግፊቷን ሳትለካ መቆየቷ ነው።

ከሀዋሳ፦

እኛ ቤት መለኪያ አለ። ነገ ከሥራ ስወጣ ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ የአንቺ እስኪደርስ እሳቸው ጋ ይቆይ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።