የቤንዚን ግፊት ጌጅ ኢሶሌተር ስሞላ አየሩ አልወጣ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መካኒካል የቤንዚን ግፊት ጌጅ ዳሽቦርድ ላይ ልገጥም ብዬ ሥራው መሃል ላይ ቆሞብኛል። ቤንዚን ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይገባ ኢሶሌተሩን (ግፊቱን እያስተላለፈ ቤንዚኑን ግን የሚያግደውን ዕቃ) ሞተሩ በኩል አስሬዋለሁ። (ይሄ አያከራክርም፤ ቱቦው ቢፈነዳ የሚረጨው እግር ላይ ነው።) ከዲያፍራሙ (ኢሶሌተሩ ውስጥ ካለው ተጣጣፊ ስስ ሽፋን) ወዲያ ቤንዚን፣ ወዲህ እስከ ጌጁ ድረስ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ አንቲፍሪዝና ውሃ ነው።

የቸገረኝ አሞላሉ ነው። በሲሪንጅ ከታች እየገፋሁ ስሞላ ፈሳሹ በጌጁ ጫፍ በኩል ምንም አረፋ ሳይኖረው ይወጣል። ማሰሪያውን ሳጠብቅ ግን መታጠፊያው ላይ ምስር የምታክል አረፋ ቁጭ ብላ በቱቦው ውስጥ ትታየኛለች። ሞተሩ ሲነሳ ቀስቱ እየተጎተተ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ይቆማል፤ ኮፈኑ ስር መስመሩ ላይ በቀጥታ የገጠምኩት ጌጅ ግን 43 ያሳያል። ሞተሩ ሲግል ደግሞ ግፊቱን ለቅቄውም እንኳ ወደ ዜሮ አይመለስም።

ዲያፍራሙ ሲሞላ ወደ ቤንዚኑ በኩል ተገፍቶ ነው መቅረት ያለበት ወይስ መሃል ላይ? ጌጁን ፈትቼ ከኢሶሌተሩ በላይ ከፍ አድርጌ ልሙላው? ማሰሪያውን ሳጠብቅ የሚፈጠረውን ጭመቅስ በምን ላስተንፍሰው? ይሄን የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ።