ክርክር፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ሙዚየም ሲሆን ኋላ የተጨመረው ይነሳ?

ጥያቄው፦ የጡብ ቤት ታድሶ ሙዚየም ሲደረግ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በኋላ የገቡት በሮች፣ ቀለምና ልስን ይነሱ ወይስ ይቆዩ?

አናጢ፦ ይነሱ። ጎብኚ የሚመጣው ቤቱ ሲሠራ ምን ይመስል እንደነበር ሊያይ ነው። ጥንቱን ከኋለኛው መለየትም ይቻላል፤ ክብ የሽቦ ምስማር በብዛት የተስፋፋው በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ እሱ የተመታበት ኋላ የገባ ነው።

ቅርስ ጠባቂ፦ ወንድሜ፣ ምስማር የሚነግርዎ የተመታበትን ጊዜ እንጂ የሳንቃውን ዕድሜ አይደለም። የቆየ በር በአዲስ ምስማር ይጠገናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር (ስለ ቅርስ ጥበቃና እድሳት የተጻፈ ዓለም አቀፍ ሰነድ) አንቀጽ 11 የየዘመኑ አሻራ ይከበር ይላል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ ግምት በጀመረበት እድሳት ይቁም ይላል። የፈረሰ አይመለስም።

ቀለም ቀቢ፦ ቀለሙንም ቢሆን ሳይመረመር አትንኩት። ትንሽ ቦታ ላይ በስለት ንብርብር በንብርብር ይገለጥ። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ክልክል መሆን አለበት፤ የድሮ ቀለም የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ይመርዛል። የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም ተሸፍኖ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ የተገለጠው ብርሃን ሳይመታው አዲሱን ከእሱ ጋር ያመሳሰለ ይሳሳታል።

ግንበኛ፦ በበሩ ተከራከሩ፤ የሲሚንቶ ልስን ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ያሳስበኛል። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፣ የተገነባውም በኖራ ነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በኖራው በኩል ይተን ነበር። ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ውሃው ይጠራቀማል፣ ጨዉ ከልስኑ ጀርባ ይረጋል፣ የጡቡም ፊት እየተላጠ ይወድቃል። ምትኩ አንድ እጅ የኖራ ሊጥ በሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ነው። እያንዳንዱ ድርብ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይሰነጠቃል፣ ዱቄትም ይሆናል።

ቅርስ ጠባቂ፦ የሚጎዳ ከሆነ ይነሳ፣ እስማማለሁ። ግን ጠንክሮ የተጣበቀ ሲሚንቶ ሲነቀል የጡቡን ፊት ይዞ ይወጣል።

ግንበኛ፦ ለዚህ ነው መጀመሪያ ጥግ ላይ ግማሽ ሜትር የሚሞከረው። ጡቡን ይዞ ከመጣ ባለበት ይቆይ፣ በግድግዳው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ይስተካከል። በጡቦቹ መካከል ያለውን መገጣጠሚያም በመሮ እንጂ በኤሌክትሪክ መቁረጫ አትክፈቱት፤ የጡቡን ጠርዝ ይበላል።

አናጢ፦ በሩ ግን ግድግዳውን አይጎዳም። ዋናው በር በመጋዘን ከተገኘ ለምን አይመለስም?

ቅርስ ጠባቂ፦ ማጠፊያው በመቃኑ ላይ ካለው ፍልፍል ጋር ከገጠመ ይመለስ። ካልገጠመ የዚያ ክፍል በር ለመሆኑ ማስረጃ የለንም።