በቆሎዬን ነቀዝ ገባበት፤ ያለ መርዝ እንዴት ላድነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። በታኅሣሥ የገዛሁትን አንድ ኩንታል በቆሎ ልጆቼ በሚተኙበት ክፍል ጥግ አስቀምጬው ነበር፤ ትናንት ለንፍሮ ልለቅም ሰፌድ ላይ ስዘረግፈው ነቀዝ ሲርመሰመስበት አገኘሁ። ከመናደዴ በፊት ግን አንዱ ቀልቤን ሳበው፦ በጣቴ ጫፍ ስነካው ስድስት እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ በጀርባው ወደቀ፤ ሞቷል ብዬ ስተወው ጥቂት ቆይቶ አንድ እግሩን ዘረጋ፣ ተገለበጠና መንገዱን ቀጠለ። የሩዝ ፍሬ የማያክል ፍጥረት ይህን ብልሃት መያዙ አስደንቆኛል፤ ልጄም «እማዬ፣ እንደገና ንኪው» እያለ ሥራ አስፈታኝ። ይሁን እንጂ እህሉ የልጆቼ ጉርስ ነው። አንድ ነጋዴ የነቀዝ ክኒን ጨምሪበት ቢለኝም ልቤ አልተቀበለውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦
ክኒኑን በፍጹም ወደ ቤት እንዳያስገቡ። በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባል መርዝ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ በተኙበት ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም።

መልስ፦
እኔ በእርሻ ሥራ ላይ ነኝ፤ ነቀዝን እየተዋጋሁትም አደንቀዋለሁ። ሴቷ በረጅም አፏ ፍሬውን ትሰረስርና አንድ እንቁላል ጥላበት፣ ቀዳዳውን ከራሷ በሚወጣ ፈሳሽ ትደፍነዋለች፤ ጎበዝ ግድግዳ መራጊ እንኳ እንዲህ አሳምሮ አይደፍንም። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ትሉ) ፍሬውን ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድግና በሞቃት ወቅት ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጎልማሳ ሆኖ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ደህና የሚመስለው ፍሬ ሁሉ ደህና አይደለም፤ የሚታየውን ማበጠር ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ ደረቅ ጨውና ጥቂት በቆሎ በደረቅ ጠርሙስ ከትተው ደኅና አድርገው ይነቅንቁት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ በሸራ ላይ በስሱ አስጥተው ያድርቁት። ሲደርቅ ባለ ሦስት ድርብ፣ አየር የማያስገባ ከረጢት ውስጥ አስገብተው እያንዳንዱን የውስጥ ላስቲክ ለየብቻው አጥብቀው ይሰሩት። ውስጥ የቀረው ነቀዝና እጭ አየሩን ተንፍሶ ይጨርስና መብላት ያቆማል፣ ከዚያም ይሞታል። ከረጢቱን ቶሎ ቶሎ መክፈት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

መልስ፦
ከረጢቱን ካጡ የአያቶቻችን ዘዴ አለ፦ በቆሎውን ከጤፍ ጋር መቀላቀል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይራባበትም፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ሞልቶ መላወሻ ያሳጣዋል። ሲፈልጉ በወንፊት ይለዩታል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጨው ተጣበቀ፤ ስለዚህ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይጀምር ሦስት ጠዋት አሰጣሁት። ነቀዞቹ ፀሐይዋን ሸሽተው ወደ ሸራው ጠርዝ ሲሰደዱ ዶሮዎቼ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። ዛሬ ጨው ስላልተጣበቀ በቆሎውን በከረጢት አስሬዋለሁ። ልጄ ግን አምስት ፍሬ በጠርሙስ አስቀርቶ፣ አፉን በሻሽ አስሮ፣ ከየትኛው እንደሚወጣ ለማየት በየቀኑ ግድግዳው ላይ መስመር እያሰመረ ነው።