ዓላማችን አፋችን ላይ ነው ወይስ እግራችን ላይ?

የሰንጋ ተራ ልጅ፦ ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወጥተው ያነሷቸው ሁለት ብቻ ናቸው። እኔ አልወጣሁም፤ ተራዬ ደርሶ ነበር። «የሕይወትህ ዓላማ ምንድን ነው?» ያለኝን ሁሉ ግን «ሰው መርዳት» እያልኩ ነው የኖርኩት። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። እንደኔ ያለው ሰው አስመሳይ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ነው። ለአፍ ዳገት የለውም። ዓላማ ማለት ሌላ ነገር ትተህ የምትይዘው ነው። አንተ ያን ማታ የያዝከው ተራህን ነው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ውስጥ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር አድርጉ ብለው ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገድ ላይ ተመራማሪዎቹ ያስቀመጡት አንድ ሰው እያሳለ በር ሥር ተጎንብሶ ይጠብቃቸዋል። ካልቸኮሉት 63 በመቶ ያህሉ ረዱት፤ «ረፍዶብሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት 10 በመቶ ብቻ። የንግግሩ ርዕስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እነዚህ ልጆች ሕይወታቸውን ለእግዚአብሔር የሰጡ ናቸው! እኔም ሌሊት አድሬ ስወጣ የማልፈውን ሰው አውቀዋለሁ። ልቤ ሳይጠፋ ጉልበቴ ያልቃል።

የመርካቶ ነጋዴ፦ እህቴ፣ 10 በመቶዎቹስ? እነሱም ቸኩለው ነበር፣ ግን ቆሙ። ጥናቱን ሰበብ አናድርገው። ይልቅ እድራችንን እዩ። «ዓላማዬ ኀዘንተኛ ማጽናናት ነው» ሲል የሰማሁት ነጋዴ የለም። የእድር ጥሪ ሲመጣ ግን ሱቁን ዘግቶ ቀብር ይሄዳል። ለምን? መዋጮ አለው፣ ሰዓት አለው፣ የቀረ ይቀጣል። የእኛ «ሰው መርዳት» ግን ቀንም ሰዓትም የለው፣ የሚጠይቀንም የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ በቅጣት የመጣን ሰው ዓላማ ያለው ትለዋለህ?

የመርካቶ ነጋዴ፦ ጋሼ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ ካደረ ኀዘንተኛዋ ይህን አትጠይቅም። ደግሞ ስንቱ ቅጣት ፈርቶ ጀምሮ በኋላ ወዶ ቀረ! እኔ አንዱ ነኝ።

ነርሷ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። እኔም ያልኩት ሰው ብቻውን አይችልም ነው።

የሰንጋ ተራ ልጅ፦ ያን ማታ ያሰረኝን ሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ከወጣሁ ከኋላ እንደገና ልሰለፍ ነው፣ ምናልባት አንድ ሰዓት። ያነሷቸውም ሁለቱ ሲመለሱ ተራቸውን አጥተዋል፤ አይቻለሁ። ሰው ለመርዳት የወጣ ተራው ቢጠበቅለትስ? ተራ አስከባሪዎቹ እሺ ካሉ ሰልፈኛው የሚቃወም አይመስለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦ ነገ 11 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ እመጣለሁ። አብረን እናነጋግራቸው። አንተ ግን ቀድመህ ተገኝ።