ጧፌ በአንድ ጎኑ እየነደደ አስቸገረኝ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ጧፍ በእጄ መሥራት ጀምሬያለሁ። ሰፈፍ (ከጠጅ ተጠልሎ የሚቀረውን ያልተጣራ ሰም) ከጠጅ ጣዮች እገዛና አቀልጣለሁ። ክሩን ሰሙ ውስጥ ነክሬ ሳንቃ ላይ አንከባልለዋለሁ። ሲበራ ግን በአንድ ጎኑ ተቦርቡሮ ይወርዳል፣ ይንጣጣል። ባለፈው ማኅሌት አንድ አባት እጃቸው ላይ ሲንጠባጠብባቸው አይቼ በጣም አዘንኩ። የት ጋ ነው የማጠፋው?

መልስ (አንኮበር)፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አንዱን ጧፍ በቢላ ቁረጠውና እየው። ክሩ መሐል ላይ ነው ወይስ ጥግ ይዟል? ጥግ ከያዘ ችግሩ እሱ ነው። እሳቱ ቀጭኑን ወገን ቀድሞ ይጨርሰዋል፣ ወፍራሙ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል። ሰሙ ገና ትኩስ ሳለ ከተጫንከው ክሩ ይሸሻል። ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው፣ ሳይደርቅ ደግሞ፣ በሙሉ መዳፍህ ቀስ አድርገህ አንከባልለው። ክሩንም አስቀድመህ ሰም አጠጣውና ወጥረህ አድርቀው። ያልተወጠረ ክር ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዛል።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦ የሚንጣጣው ውሃ ስላለው ነው ወንድሜ። ሰፈፍ ማርና ቆሻሻ አያጣም። ከውሃ ጋር አፍላና በሻሽ አጥልለው፣ ሳትነካካው ይቀዝቅዝ። ሰሙ ከላይ ይረጋል። ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ነገር ፋቀው። እኔ ሁለቴ ነው የምደግመው። ሰሙን ለጧፍ ስታቀልጥ ደግሞ ዕቃውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው እንጂ እሳት ላይ አትጣደው። ሰም 64 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ የፈላ ውሃ ይበቃዋል። እሳት ላይ ይጠቁራል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦ ሰሙ ፓራፊን (ከነዳጅ የሚወጣ ሰም) የተቀላቀለበት እንዳይሆን። እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ቶሎ እናውቀዋለን፤ በሙቀቱ ይጎብጣል።

ጠያቂ፦ እማማ፣ ቆረጥኩት። እውነትም ክሩ ጥግ ይዟል! 4 ፈትል ነው የምገምደው፣ ይበዛ ይሆን?

መልስ (አንኮበር)፦ እሱን ነበልባሉ ይነግርሃል ልጄ። ከጨሰ ክሩ ወፍሯል። ሰሙ ቀልጦ ከተንዠቀዠቀ ደግሞ ቀጥኗል፣ የቀለጠውን መጦ አልጨረሰም ማለት ነው። ባለ 3፣ ባለ 4 እና ባለ 5 ፈትል አድርገህ እኩል ውፍረት ያላቸው ሦስት አጫጭር ጧፎች ሥራ። ጎን ለጎን አብራቸው። በር ሥር ግን አትሞክር፤ የደብረ ብርሃን ንፋስ ደህናውንም ጧፍ ያጎድለዋል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ሦስቱንም እሠራለሁ።