እርከን ለወሰደው መሬት የሚከፈል ነገር አለ?

የዳገቱ ልጅ፦
ሰላም ጎበዝ። አባቴ ከአንገረብ ግድብ በላይ ዳገቱ ላይ 3 ጥማድ መሬት አለው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ለተፋሰስ ዘመቻ ይወጣል፣ አንድም ዓመት አልቀረም። ዘንድሮ ሥራው እሱ ማሳ ላይ ደረሰ። ቦታው ቀጥ ያለ ስለሆነ እርከኑ ተቀራርቦ ወጣና ከጤፉ መሬት ብዙ ወሰደ፣ የላይኛው ቁራጭ ደግሞ ከንክኪ ነፃ ይሁን ተባለና ከብት መግባት ቀረ። እሱ አልከፋውም፣ አፈሩ ታጥቦ እንዳይሄድ ይፈልጋል። እኔን ግን ከንክኖኛል። ውጭ አገር መንግሥት ለእንዲህ ያለ ገበሬ ይከፍላል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጋ አለ? ካለስ የት ይጠየቃል?

ግብርና የሠራ፦
ወንድሜ፣ ለመሬቱ ተብሎ የሚከፈል የለም። የሰማኸው የአሜሪካው ይሆናል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ መሬቱን ከእርሻ አውጥቶ ሣርና ዛፍ ላለበሰ ገበሬ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚቆይ ውል ኪራይ ይከፈለዋል። በእኛ አገር ግን መሬትን መንከባከብ የባለይዞታው ግዴታ ነው። በ1997 የወጣው አዋጅ 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት አይታረስም፣ ልቅ ግጦሽም አይገባበትም ብሎ ነበር። ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ። ከዚያ በታች እስከ 31 በመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ነበር። ያ አዋጅ በ2016 በአዲስ አዋጅ ተተክቷል።

የበለሳ ልጅ፦
እኛ ጋ ሴፍቲኔት የሚባል የድሃ ገበሬ መደገፊያ ፕሮግራም አለ፣ እሱም ከ1997 ጀምሮ ነው። ግን የሚከፍለው ለጉልበት ነው። በአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ተቆጥሮ፣ እርከንና ክትር ተሠርቶ፣ ብር ወይም እህል ይሰጣል። እናቴ አቅም ስለሌላት ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ናት፣ ሳትሠራ ታገኛለች። የሚገባው ደግሞ በተመረጠ ወረዳ፣ ድሃ ተብሎ የተለየ ሰው ነው። ጎረቤታችን ማሳው ላይ ካብ ተካበ፣ የካቡት ተከፈላቸው፣ እሱ ስሙ ስላልተያዘ ምንም አላገኘም። ካቡ ጠቅሞታል፣ አልክድም። ግን ያጣውን መሬት ማንም አልቆጠረለትም።

ጌሾ ተካይ፦
እርከኑን ባዶውን አትተዉት! እኛ ወገራ ጌሾ ተከልንበት፣ ከታች ትሪሉሰርን፣ ለበጎቹ መኖ። አሁን እናቴ የጨው የበርበሬዋን ከጌሾው ነው የምታወጣው። ከንክኪ ነፃ የሆነው መሬት ሣርም ታጭዶ ይወሰዳል፣ ዋናው ነገር የአባትህ ድርሻ ቀበሌ ላይ በጽሑፍ መያዙ ነው። በቃል ከቀረ ጥቅምት ላይ ጠብ ይነሳል። የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ማቋቋም እንዲቻልም በ2012 አዋጅ ወጥቷል፣ እሱን ጠይቁ።

ከተሜዋ፦
እኔ ጎንደር ከተማ ነኝ፣ የምንጠጣው ከአንገረብ ነው። ግድቡ በደለል እየሞላ እንደሆነ የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ደለሉ እኮ የእነዚያ ዳገቶች አፈር ነው! አባትህ እርከን ሲያወጡ የእኔን ቧንቧ ነው የሚጠብቁልኝ። ወላይታ ሁምቦ ላይ ማኅበራት የተራቆተ ተራራ መልሰው ደን አድርገው ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለት ዛፉ ከአየር ለሚስበው ካርቦን ከሚከፈለው፣ ገንዘብ አግኝተዋል። እኛስ ከውሃ ሂሳባችን ጥቂት ብር ለላይኛው ገበሬ ብናዋጣ ምን ይለናል? እኔ ነገውኑ እከፍላለሁ።

የዳገቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ከአባቴ ጋር ቀበሌ እንሄዳለን፣ የሣሩን ድርሻ እናስጽፋለን። የቧንቧውን ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እንዲህ ያለችው ማን ናት?» አለኝ። ጌሾ ተካይ፣ ችግኙን ከየት አገኛችሁት? ክረምት ሳይገባ ላደርስለት ነው።