ለጅማው ወንድሜ የብስክሌት ዕቃ ልላክ ብል ማጓጓዣው ከዕቃው በለጠ

ከዊንዘር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ካናዳ ዊንዘር ነው፣ ከአሜሪካዋ ዲትሮይት ድልድይ ማዶ። ታናሽ ወንድሜ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ይማራል። የሚነዳት ማውንቴን ባይክ የኋላ ማርሿ አልቋል፣ ፍሬኗም በደንብ አይዝም። ዕቃውን አሜሪካ ሻጭ ጋ 45 ዶላር አገኘሁት። እስከ ጅማ ማድረሻው ግን 60 ነው አሉኝ። ቀረጡ ደግሞ ለብቻው ነው። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ከጅማ፦
ወንድም ዓለም፣ በኩሪየር እንዳትልክ። እኔ ከቶሮንቶ ተመልሼ ጅማ ከገባሁ ጀምሮ የምንቀሳቀሰው በብስክሌት ነው። የዚህ አገር ክረምት ሰንሰለት ሲበላ ለጉድ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የኔም ነው።

እዚህ ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ይደመሩበታል። በ45 ዶላር ዕቃ ላይ 60 ከፍለህ ከላክህ የሚቀረጠው 105ቱ ነው። 15 በመቶው ቫት ደግሞ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ይሰላል። ለማጓጓዣ የጨመርካት ዶላር ሁሉ ታክስ ይዛ ትመጣለች ማለት ነው። ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የሚሉህን አትስማ። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ካሳህም በዚያው ልክ ያንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዕቃው አሜሪካ ነው ያለው፣ የሚሄደውም ጅማ ነው። ታዲያ ካናዳ ምን ሊሠራ ይገባል? ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለህና ወደ አገር ቤት የሚመጣ ከሆነ፣ በቀጥታ በእሱ አድራሻ እዘዘው። በአገር ውስጥ መላኪያ ይደርሰዋል፣ ሻንጣው ውስጥ ይገባል። ሁለት ድንበር የነበረው አንድ ሆነ ማለት አይደል?

የግድ ወደ ዊንዘር ማምጣት ካለብህ ግን ሒሳቡን እይ። በኩሪየር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የትራንዚተር ክፍያ ይጨምሩብሃል፤ ለትንሽ ዕቃ ያናድዳል። በፖስታ ሲመጣ የሚከፈል ታክስ ካለበት 9.95 የካናዳ ዶላር ማስተናገጃ ነው። በሌላ በኩል ከአሜሪካ በኩሪየር የመጣ ዕቃ እስከ 40 የካናዳ ዶላር ከታክስ፣ እስከ 150 ከቀረጥ ነፃ ነው። በፖስታ ነፃ የሚሆነው እስከ 20 ብቻ ነው። ዲትሮይት አስቀምጠህ ድልድዩን ተሻግረህ ማምጣትም ትችላለህ። ግን በዚያው ቀን ለሚመለስ ሰው ነፃ መብት የለም፤ 24 ሰዓት ከቆየህ 200፣ 48 ከሞላህ 800 የካናዳ ዶላር ነው። ደረሰኝህን ይዘህ ተናገር፣ ያልቃል።

ለሻንጣው ሰው ደግሞ እዘንለት። ሁሉም ሰው «ትንሽ ዕቃ ነች» እያለ ነው 23 ኪሎውን የሚሞላው። ካርቶኑን አውጣ፣ ማርሹን ሻንጣ እንዳያቆሽሽ በላስቲክ ጠቅልል፣ ደረሰኙን አብረህ ስጠው። ተመሳሳይ ዕቃም አታብዛ። ሁለት ሰንሰለት ቢይዝ ለራሱ ነው፤ አሥር ከያዘ ቦሌ ላይ ነጋዴ ነው የሚመስለው።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ፦ የዕቃው ልክ። ወንድምህ የኋላውን ጎማ ፈትቶ ፎቶ ይላክልህ። የኋላ ማርሽ ሁለት ዓይነት ነው። ፍሪዊል የሚባለው ሞዞው (የጎማው መሃል) ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ይገባል። ካሴት የሚባለው ደግሞ ተሰክቶ በቀለበት ይታሰራል። ጥርሳቸውም ቁጥራቸውም ቢመሳሰል አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እዚህ ብዙ ጊዜ የማየው ባለ 6 እና ባለ 7 ፍሪዊል ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ዓይን የሚስበው ደግሞ ሁሉም ካሴት ነው! ማርሹ ካለቀ ሰንሰለቱም አብሮ አልቋል፣ አሮጌው አዲሱ ላይ ይዘላል። ስለዚህ ሁለቱንም ግዛ። ጎማ የምትልክ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ያንብብልህ፦ 559 ካለ 26 ኢንች ነው፣ 584 ካለ 27.5፣ 622 ካለ 29።

ፍሬኑ በላስቲክ ቸርኬውን ቆንጥጦ የሚይዝ ከሆነ እዚሁ ይገዛ፣ አትልክ። ዲስክ ከሆነ አሮጌውን ሸራ አውጥቶ ፎቶ ያንሳው፤ ቅርጹ ብዙ ዓይነት ነው። ለዝናብና ለጭቃ የብረት ሸራው ይቆያል። ከጅሬን ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን አይረሳውም። ዲስኩ ላይ ሬዚን (ብረት ያልሆነውን ሸራ) ብቻ ተጠቀም የሚል ጽሑፍ ካለ ግን የብረቱን ተው።

ከዊንዘር፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጎማ መለጠፊያ ማስቲሽስ ልጨምርለት? በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ልልክለት አስቤ ነበር።

ከጅማ፦
ማስቲሹ ተቀጣጣይ ነው፣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ምን አደከመህ፣ ጎሚስታ ሞልቷል። ባትሪውንም እርሳው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ በመንገደኛ አውሮፕላን አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል።

ከቦሌ ወዲህ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ቀላል ነው። ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው ካለ ይያዝለት፣ ካልሆነም በአውቶቡስ ይላክለት። ፓኬቱ ላይ ስልኩን በትልቁ ጻፍበት፤ መናኸሪያ ሄዶ ይቀበላል።